ዙፋኑን የጣለው ብዕር ነውን?

ስለ ፈረንሳይ አብዮት በተነገረ ቁጥር ከሁለት ወገን አንድ ዓይነት ቃል እንሰማለን። አንደኛው ወገን፣ ብዙ ጊዜ በዕድሜና በሹመት ከፍ ያለው፣ «ያን የመሰለ የጥንት መንግሥት የጣሉት ጥቂት ጸሐፊዎች ናቸው፤ በመኳንንቱ ባይሳለቁ፣ በንጉሡም ሥልጣን ላይ ባይከራከሩ ኖሮ ሕዝቡ አርፎ በተገዛ ነበር» ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ ብዙ ጊዜ ገና ከመጽሐፍ ጋራ የተዋወቀው ወጣት፣ ይህንኑ ቃል ተቀብሎ በውግዘቱ ፈንታ ምስጋና ያገባበታል፤ «ቮልቴርና ሩሶ ጻፉ፤ ዙፋን ወደቀ» ይላል። አንዱ ይረግማል፣ ሌላው ይመርቃል፤ የሚያምኑት ነገር ግን አንድ ነው። እኛ በበኩላችን ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን። ስሕተቱ የታሪክ ስሕተት ብቻ ሆኖ ቢቀር ባላስቸገረን ነበር። ነገር ግን ብዕር መንግሥት ይጥላል ብሎ የሚያምን ሹም ጸሐፊን ሲያሳድድ የገዛ መዝገቡን መመርመር ይረሳል፤ ይህንኑ የሚያምን ተማሪም መዝገብ የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አንሥተን ልንመረምረው ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ እነዚያ ጸሐፊዎች የተቹት ሥርዐት ምን ዓይነት እንደ ነበረ ይታወቅ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የፈረንሳይ ሕዝብ በሕግ ፊት በሦስት ተከፍሎ ይኖር ነበር። አንደኛው የካህናት ክፍል፣ ሁለተኛው የመኳንንት ክፍል፣ ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ከጠበቃና ከነጋዴ ጀምሮ እስከ ቀን ሠራተኛ ድረስ ከሁለቱ ውጭ የሆነው ሰው ሁሉ ነው። ታይ የሚባለው ዋናው ግብር በአብዛኛው የአገሩ ክፍል መኳንንቱን አይነካም። ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ሁሉ ሰፊ መሬቷ ግብር አትከፍልም፤ ጉባኤዋ በየጊዜው የወሰነውን ገንዘብ «የፈቃድ ስጦታ» በሚል ስም ለንጉሡ ትሰጣለች እንጂ። ገበሬው ግን ለንጉሡ ታይ፣ ለቤተ ክርስቲያን አሥራት፣ ለጉልተኛው ደግሞ ከአዝመራው ድርሻ ይከፍላል። በብዙ ስፍራ እህሉን በጌታው ወፍጮ ካልሆነ በቀር ማስፈጨት አይችልም። የጌታው ርግቦች ዘሩን ሲለቅሙበት፣ ለጌታው አደን የተጠበቀው አውሬም ቡቃያውን ሲረግጥበት እጁን አጣጥፎ ከማየት በቀር መብት የለውም። የንጉሥ መንገድ ሲሠራ ያለ ደመወዝ ለሥራ ይወጣል፤ በዚያ እርሱ በደከመበት መንገድ በሠረገላ የሚሄደው ጌታ ግን ለመንገዱ አንድ ቀን እንኳ አይሠራም። ገባር የሚለውን ቃል ትርጉም ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት ብዙ ድካም የሚጠይቅ አይደለም።

መኳንንቱ ከቶ ምንም አልከፈሉም ማለት ግን ሐሰት ነው፤ በክርክር ላይ ሳለን እውነቱን ልንደብቅ አይገባንም። ሉዊ 14ኛ በጦርነት ወጪ በተጨነቀ ጊዜ በ1695 በየሰዉ ላይ የጣለው ግብር እነርሱንም ይጨምር ነበር። ነገር ግን ገማቹ በትልቅ ሰው ደጅ ሲደርስ እጁ እንደሚለዝብ የታወቀ ነው።

ደግሞም የዚህ ልዩ መብት ባለቤት ሁሉ ከጥንት ጀግኖች የተወለደ አልነበረም። ንጉሡ ገንዘብ በቸገረው ቁጥር ሹመት ይሸጥ ነበር። «የንጉሥ ጸሐፊ» የሚባለውን ሹመት የገዛ ነጋዴ 20 ዓመት ቢቆይበት፣ ወይም በሹመቱ ላይ እንዳለ ቢሞት፣ ልጆቹ ከመኳንንት ይቈጠራሉ። ሥራው ከስሙ ያለፈ አልነበረም። ሕዝቡም ይህን ሹመት «የባላገር ሳሙና» እያለ ይቀልድበት ነበር፤ የዝቅተኛ ትውልድን እድፍ ያጥባል ለማለት ነው። እንዲህ ያለውን ንግድ በሒሳብ ዓይን የተመለከተ ሰው ይደነግጣል። መንግሥት አንድ ጊዜ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ሀብታሙን ከነልጅ ልጁ ከግብር ያወጣዋል፤ የጎደለውንም ከድኻው ላይ ይጨምራል። ዘሩን ሸጦ ለበዓል የሚበላ ገበሬ ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም።

አሁን ወደ ጸሐፊዎቹ እንምጣ። «ፈላስፎች የመኳንንት ጠላቶች ነበሩ» የሚሉትን ሁሉ የምንጠይቃቸው «የትኛው ፈላስፋ?» ብለን ነው። ሞንቴስክዩ ራሱ ባሮን ነበረ። በቦርዶ የበላይ ፍርድ ቤት የነበረውን የፕሬዚዳንትነት ሹመት በ1716 ከአጎቱ ወረሰው፤ በ1726 ሸጠው። (የእነዚህ የበላይ ፍርድ ቤቶች ስም «ፓርልማ» ይባላል፤ ዛሬ ከምናውቀው ሕግ አውጪ ምክር ቤት ጋራ አንባቢ እንዳያምታታው።) በ1721 ባሳተመው «የፋርስ ደብዳቤዎች» በተባለው መጽሐፉ፣ ሳይሠሩ በአያታቸው ስም በሚከበሩ ሰዎች ላይ አፊዟል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በ1748 በወጣው «የሕጎች መንፈስ» በተባለው ታላቅ መጽሐፉ ያስተማረው ተቃራኒውን ነው፤ መኳንንት የሌሉበት ንጉሥ ገደብ የሌለው ገዢ ይሆናል፤ በንጉሡና በሕዝቡ መካከል የሚቆም ኀይል ያስፈልጋል ብሏል። የሹመትን መሸጥ እንኳ ሳይቀር ደግፏል። ይህ የመኳንንት ጠላት ቃል ነውን?

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አልፈለግንም። ሞንቴስክዩ በዚሁ መጽሐፍ 24ኛ ክፍል አገራችንን ያነሣል። የእርሱ ትምህርት ሰፊና ሙቅ የሆነ አገር ያለ ሕግ ለሚገዛ ገዢ የተመቸ ነው የሚል ነበረ፤ ኢትዮጵያ ግን እንዲህ ሆና ሳለች እንዲያ ያለ አገዛዝ እንዳይሠለጥንባት የክርስትና ሃይማኖት ከለከለ ይላል። ከጠቀሳቸው ምንጮች አንዱ በ1699 ጎንደር ገብቶ ዐፄ ኢያሱን ያከመው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ የጻፈው ነው። ለአገራችን ያሳየው አክብሮት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የስሜንን ብርድ ሳይቀምስ ኢትዮጵያን ከሙቅ አገር ተራ መመደቡ፣ ትልቅ ሊቅም ቢሆን ከወንበሩ ሳይነሣ ስለ ሩቅ አገር ሲፈርድ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ያሳያል። ለክርክራችን የሚጠቅመን ይህ ነው፤ ሞንቴስክዩ የሚፈራው ገደብ የሌለውን ሥልጣን እንጂ የጥንቱን ሥርዐት አልነበረም።

ቮልቴር ሌላ ነው። የውል አዋዋይ ልጅ ሲሆን በቅኔና በቴያትር ስሙ ገና በወጣትነቱ የታወቀ ነበር። በ1726 መጀመሪያ ከሮሃን ቤተ ሰብ ከተወለደ አንድ ባላባት ጋራ ቃል ተለዋወጠ፤ ባላባቱ በስሙ ተሳለቀበት፣ ቮልቴርም የሚያሳፍር መልስ ሰጠው። ከጥቂት ቀን በኋላ በሱሊ መስፍን ቤት ተጋብዞ ሲበላ «በደጅ የሚፈልግህ አለ» ተብሎ ተጠራ፤ ሲወጣ የባላባቱ አሽከሮች በዱላ ደበደቡት፤ ጌታቸውም በሠረገላው ሆኖ ይመለከት ነበር። ቮልቴር ወደ ውስጥ ተመልሶ የጋበዘውን መስፍን አግዘኝ ቢለው መስፍኑ እምቢ አለ። ፍርድ ቢጠይቅ የሚሰማው አጣ። በሰይፍ ልጋጠመው ብሎ ሲዘጋጅ ግን የተያዘው ተደብዳቢው ሆነ፤ ባስቲል ገብቶ ታሰረ፤ የተለቀቀውም ወደ እንግሊዝ አገር ሊሄድ ነው።

በእንግሊዝ ያየውን በደብዳቤ መልክ ጽፎ በ1734 በፈረንሳይኛ ታትሞ ሲወጣ የፓሪስ ፓርልማ መጽሐፉ እንዲቃጠል ፈረደ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ምን ነበረበት? ንጉሥን ግደሉ የሚል የለበትም፤ መኳንንትን ዝረፉ የሚልም የለበትም። በእንግሊዝ አገር ሰው መኳንንት ወይም ካህን ስለ ሆነ ብቻ ከግብር እንደማይወጣ፣ የትልቅ ሰው ታናሽ ልጅም መነገድን እንደ ውርደት እንደማይቈጥረው ይተርካል። ለእሳት ያበቃው እንዲህ ያለ ነገር ነበር።

ቮልቴር የዙፋን ጠላት እንዳልነበረ የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አለ። በ1771 የሉዊ 15ኛ ዋና ዳኛ ሞፑ የድሮዎቹን ፓርልማዎች ሽሮ፣ ወንበራቸው የማይሸጥ፣ ከባለ ጉዳይም ገንዘብ የማይቀበሉ አዲስ ዳኞችን በሾመ ጊዜ፣ አብዛኛው ሰው በንጉሡ ላይ ሲያጉረመርም ቮልቴር ለንጉሡ ተሟገተ። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። የቱሉዝ ፓርልማ ዣን ካላስ የሚባለውን ፕሮቴስታንት ሽማግሌ «ልጅህን ገድለሃል» ብሎ በ1762 በመንኰራኵር ላይ አጥንቱን አሰብሮ ያስገደለ ነው፤ ቮልቴር ሦስት ዓመት ያህል ተሟግቶ የሟቹ ንጽሕና በ1765 በፍርድ ተገለጸ። በ1766 ደግሞ የፓሪስ ፓርልማ አንድ ወጣት ባላባት፣ ሹቫሊየ ደ ላ ባር፣ በሃይማኖት ላይ አፊዟል ተብሎ የተፈረደበትን የሞት ፍርድ አጸና፤ ከሬሳውም ጋራ የቮልቴር መዝገበ ቃላት በእሳት ተጣለ። እንግዲህ እነዚያ ወንበራቸውን በገንዘብ የገዙ ዳኞች «የሕዝብ ጠበቃ ነን» ሲሉ ቮልቴር ቢስቅባቸው ማን ይፈርድበታል?

ሩሶ ከሁሉ ይልቅ ጠንከር ያለ ነው። የጄኔቭ ሰዓት ሠሪ ልጅ ነበር። በ1755 ሰዎች ያልተካከሉበትን ምክንያት መርምሮ ጻፈ፤ በ1762 «ማኅበራዊ ውል» የተባለውን አወጣ። እዚህ ላይ ግን ሩሶን ሳያነቡ የሚያወድሱትም ሳያነቡ የሚያወግዙትም ይገርሙናል። በዚህ መጽሐፍ ሩሶ የመኳንንትን አገዛዝ በሦስት ይከፍለዋል፤ በዕድሜ የሚገኝ፣ በምርጫ የሚገኝ፣ በውርስ የሚገኝ። በምርጫ የሚገኘውን እጅግ ያመሰግነዋል፤ በውርስ የሚገኘውን ግን ከአገዛዝ ሁሉ የከፋ ነው ይለዋል። ስለዚህ የሩሶ ጠብ ከበላይነት ጋራ ሳይሆን፣ ያለ ሥራ ከአባት ወደ ልጅ እንደ በቅሎና እንደ ማሳ ከሚተላለፍ በላይነት ጋራ ነው። ዲድሮም በ1751 በኢንሳይክሎፔዲው የመጀመሪያ መጽሐፍ ስለ ፖለቲካ ሥልጣን ሲጽፍ፣ ማንም ሰው በተፈጥሮ ሌላውን የማዘዝ መብት እንዳልተሰጠው ገለጠ፤ ንጉሥ የሚገዛው በሕዝብ ስምምነት ነው አለ እንጂ ንጉሥ አይኑር አላለም።

አንባቢ እንደሚያየው እነዚህ ሰዎች በብዙ ነገር አይስማሙም። ቮልቴርና ሩሶ እስከ ሞታቸው ተጣልተው የኖሩ ናቸው። አንዱ መኳንንት ንጉሡን ይግቱት ይላል፤ ሌላው ንጉሥ መኳንንቱን ይግታቸው ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ሕዝብ ይምረጣቸው ይላል። የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ይህ ልዩ መብት የምን አገልግሎት ዋጋ ነው?» የሚል ነው። ድሮ መኰንን በፈረሱና በሰይፉ አገር ይጠብቅ ነበር፤ ስለዚህ ግብር አይከፍልም። አሁን አገር የሚጠብቀው በገበሬው ግብር ደመወዝ የሚከፈለው ወታደር ነው፤ እንግዲህ መኰንኑ የሚከፈለው ስለ ምንድር ነው? ቡላንቪሊዬ የሚባል አንድ ቆንት በጻፈው መጽሐፍ፣ መኳንንቱ ፈረንሳይን በጦር የያዙት የፍራንኮች ልጆች ናቸው፤ መብታቸውም የድል አድራጊ መብት ነው ብሎ ነበር። መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1727 ታተመ። ይህ መልስ በጊዜው ለብዙ መኰንን ደስ ያሰኘ ነበር። በ1789 መግቢያ ግን ሲዬስ የሚባለው ካህን «እንግዲያውስ ሦስተኛው ክፍል ወደ መጡበት ዱር ለምን አይመልሳቸውም?» በሚል መንፈስ መልሶ ጠየቀ። በጦር መጣሁ ብሎ የሚመካ ሰው በጦር መውጣትንም አብሮ እንዳስተማረ ይወቅ።

ለጥያቄው መልስ የመስጠት ጊዜ አልጠፋም ነበር፤ አራት ጊዜ ተገኘ።

የመጀመሪያው በ1749 ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ማሾ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከማናቸውም ሰው ገቢ ከ20 አንዱን እጅ የሚወስድ ግብር አወጣ፤ መኰንንም ካህንም አይለይም። ቮልቴር በ1750 ትንሽ ጽሑፍ አሳትሞ ደገፈው። ካህናቱ ግን ተነሡ፤ በ1751 መጨረሻ ንጉሡ ተሸንፎ ቤተ ክርስቲያንን ከግብሩ አወጣት።

ሁለተኛው ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው። በ1774 ሉዊ 16ኛ ሲነግሥ የገንዘብ ሚኒስትር አድርጎ የሾመው ቲዩርጎን ነው። ቲዩርጎ ለኢንሳይክሎፔዲው የጻፈ፣ ከፈላስፎቹ አንዱ ነው፤ ነገር ግን በወሬ የሚኖር ሰው አልነበረም። ከ1761 ጀምሮ የሊሞዥን አውራጃ ገዢ ሆኖ የነጻ ጉልበቱን ሥራ በገንዘብ ለውጦ መንገድ ማሠራት እንደሚቻል በተግባር አሳይቷል። እንከን አልነበረበትም አንልም፤ የእህል ንግድን ጊዜው ሳይመች ነፃ ማውጣቱ በ1775 ትልቅ ሁከት አስነሥቶበታል። በ1776 መጀመሪያ ስድስት አዋጆችን ለንጉሡ አቀረበ። ዋናው ገበሬው ያለ ደመወዝ መንገድ መሥራቱ ይቅር፤ በምትኩ መሬት ያለው ሁሉ፣ መኳንንቱም ጭምር፣ ለመንገድ ግብር ይክፈል የሚል ነበር። እንግዲህ መንገዱ ይበልጥ የሚጠቅመው ባለ ብዙ መሬቱን ነው፤ ከዚህ የበለጠ ልከኛ አዋጅ ከወዴት ይገኛል?

የፓሪስ ፓርልማ ግን አዋጁን በመዝገብ አልጽፍም አለ። ምክንያቱን በጽሑፍ ለንጉሡ ሲያስረዳም፣ ካህን በጸሎቱ፣ መኰንን በደሙ፣ ሦስተኛው ክፍል በግብሩና በጉልበቱ እንዲያገለግል የጥንቱ ሕግ መድቦታል፤ ይህን መለየት ማጥፋት ፍትሕን ማጥፋት ነው አለ። በዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን። እነዚህ ዳኞች ለመብታቸው ሲከራከሩ የተማሩት ከማን ነበር? በንጉሥና በሕዝብ መካከል የሚቆም ኀይል ያስፈልጋል ብሎ ከጻፈው ከሞንቴስክዩ ነው! ፓርልማዎቹ በዚያ ዘመን ለንጉሥ ባቀረቧቸው አቤቱታዎች የእርሱ ትምህርት ደጋግሞ ይሰማል። እንግዲህ መጽሐፍ ለመንግሥቱ ውድቀት አስተዋጽኦ አድርጎ ከሆነ፣ በተራበ ሕዝብ እጅ ከመግባቱ በፊት ግብር አንከፍልም ባሉ ጌቶች እጅ ነበረ። ንጉሡ በሥልጣኑ አዋጁን በማርች 12 ቀን አስመዘገበ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ የቤተ መንግሥቱ ሰው ሁሉ ተነሣበትና ቲዩርጎን በሜይ 12 ቀን ሻረው። በኦገስት ገበሬው ወደ ነጻ ጉልበቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአሜሪካ ነፃነት ጦርነት ነው። ፈረንሳይ በ1778 ገብታ ከ1,000 ሚሊዮን ሊቭር በላይ አወጣችበት፤ ይህንንም ያገኘችው ከግብር ሳይሆን በብድር ነው። ኔኬር በ1781 የመንግሥትን ሒሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳትሞ ለሕዝብ ሲያሳይ፣ የጦርነቱን ወጪ ከሒሳቡ ውጭ ትቶ 10 ሚሊዮን ትርፍ አለ ብሎ ጻፈ። ሕዝቡም ደስ ብሎት ገዛው። በዚሁ ዓመት፣ ዕዳው እንዲህ እየተቈለለ ሳለ፣ የጦር ሚኒስትሩ ሴጉር የመኰንንነት ማዕርግ ለመቀበል አራት ትውልድ ከመኳንንት መወለድ ያስፈልጋል የሚል ትእዛዝ አወጣ። ሀብታሙ የሦስተኛ ክፍል ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ ትንሽ በር ነበረው፤ እርሱም ተዘጋ። ይህንን በር የዘጋው ቮልቴር አይደለም፤ ቮልቴር በ1778 ሞቷል።

ሦስተኛው ጊዜ 1787 ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ካሎን የዓመቱ ጉድለት ከ100 ሚሊዮን ሊቭር በላይ መሆኑን ለንጉሡ ነገረ። 144 ታላላቅ ሰዎች በፌብሩዋሪ ወር በቬርሳይ ተሰበሰቡ፤ ማንም ሳይለይ መሬት ሁሉ ግብር እንዲከፍል ተጠየቁ። ስለ ሒሳቡ ጠየቁ፣ ስለ ሥርዐቱ ተከራከሩ፣ ስለ ቀድሞው ሚኒስትር አወሩ፤ ግብሩን ግን አልተቀበሉም። ካሎን በኤፕሪል ተሻረ። በ1788 የመንግሥቱ ሒሳብ ሲታይ ከ629 ሚሊዮን ሊቭር ወጪ 318 ሚሊዮኑ፣ ማለት ግማሽ ያህሉ፣ የዕዳ ክፍያ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያማው የቤተ መንግሥቱ ወጪ ግን ከመቶ 6 እጅ ያህል ነው። የንግሥቲቱን ጌጥ እየቈጠሩ አብዮትን የሚተርኩልን መምህራን ይህንን ቍጥር በሰሌዳ ላይ ቢጽፉት እንወዳለን።

አራተኛው ጊዜ የመጨረሻው ነበር። ንጉሡ ከ1614 ወዲህ ያልተጠራውን የሦስቱን ክፍሎች ጉባኤ ለመጥራት ተገደደ። የፓሪስ ፓርልማ በሴፕቴምበር 1788 ጉባኤው እንደ 1614ቱ ሥርዐት ይሁን ብሎ ፈረደ፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ተቀምጦ አንድ አንድ ድምፅ ይሰጣል ማለት ነው። ካህናትና መኳንንት በተስማሙ ቍጥር ሁለት ለአንድ ያሸንፋሉ። ትናንት «የሕዝብ አባት» እያለ በየመንገዱ ያጨበጨበላቸው ሕዝብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፊቱን አዞረባቸው። ጉባኤው በሜይ 5 ቀን 1789 ሲከፈት ብዙዎቹ መኳንንት በየአውራጃቸው በጻፉት ማመልከቻ ግብር በእኩል ለመክፈል መስማማታቸውን ገልጠው ነበር። ቲዩርጎ በ1776 ከለመናቸው እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን በ1776 ቢሰጥ ምስጋና የሚያስገኘው ነገር በ1789 ሲሰጥ ፍርሃት መሰለ። በኦገስት 4 ሌሊት ደግሞ በየገጠሩ ቤታቸው ሲቃጠል የሰሙ መኳንንት ራሳቸው እየተነሡ የጉልት መብታቸውን ለቀቁ፤ በጁን 19 ቀን 1790 በውርስ የሚገኝ መኳንንትነት በሕግ ተሻረ።

«ይሁን፤ የሽብሩን ዘመን ደም ግን ሩሶ አላፈሰሰውምን? ሮቤስፒዬር መጽሐፉን አይጠቅስ ነበርን?» የሚለን ሰው አይጠፋም። ይጠቅስ ነበር። ክርክሩ ከባድ መሆኑንም አንክድም፤ ሩሶ የሕዝብን ፈቃድ ስሕተት የሌለበት አስመስሎ መጻፉ፣ በሕዝብ ስም ለሚምል ሁሉ ሰይፍ አቀብሏል። ነገር ግን ሩሶ የሞተው በ1778 ነው። ሞንቴስክዩ በ1755፣ ቲዩርጎ በ1781፣ ዲድሮ በ1784 ሞተዋል። ከታወቁት ፈላስፎች አብዮቱን በሕይወት ካዩት ጥቂቶች አንዱ ኮንዶርሴ ነው፤ እርሱም ማርኪ ሲሆን ከሕዝብ ወገን የቆመ፣ በኋላም በዚያው በሽብሩ ዘመን ተሳዶ በ1794 በእስር ቤት የሞተ ነው። ሙታን በመቃብራቸው ሆነው ጊዮቲን አያቆሙም። ያቆሙት ሕያዋን ናቸው፤ ሕያዋኑን ወደዚያ ቀን ያደረሳቸውም በአራቱ ጊዜ የተሰጠው እምቢታ ነው።

ለፈላስፎቹ ልናደላም አንፈልግም። የእነርሱ ትልቁ ጥፋት እንደሚባለው ዙፋንን መናቅ ሳይሆን፣ የሩቅ ዙፋንን ከልክ በላይ ማመን ነበር። ቮልቴር በ1750 ወደ ፕሩስያው ንጉሥ ወደ ፍሬዴሪክ 2ኛ ሄዶ በ1753 ተጣልቶ ተመለሰ። ለሩስያዋ ካትሪን የጻፈላት ውዳሴ ዛሬ ሲነበብ ያሳፍራል፤ ያቺው ንግሥት በ1785 የመኳንንቷን ልዩ መብት በደብዳቤ አጸናችላቸው እንጂ የገበሬዎቿን ቀንበር አላቀለለችም። ዲድሮ በ1773 እስከ ፒተርስቡርግ ድረስ ሄዶ መክሯት ነበር፤ ሰማችው፣ ሸለመችው፣ ምክሩን ግን ወደ ጎን አደረገችው። የአገሩን መኰንን በዓይኑ ያየ ሰው የሰውን አገር ንጉሥ በደብዳቤ ብቻ ሲያይ እንዲህ ይታለላል።

ጸሐፊዎቹን ዝም ማሰኘት ዙፋኑን ያድነው ነበር ለሚሉት የምናቀርበው ምስክር ከዚያው ከመንግሥቱ ቤት የተገኘ ሹም ነው። ማልዜርብ ከ1750 እስከ 1763 የመጻሕፍት ምርመራ ሹም ነበር። ያለ እርሱ ፈቃድ በፈረንሳይ አገር መጽሐፍ በሕግ አይታተምም። የኢንሳይክሎፔዲው ጽሑፎች እንዲያዙ ትእዛዝ በወጣ ጊዜ፣ ትእዛዙን የሚፈጽመው እርሱ ራሱ ሲሆን፣ አስቀድሞ ወደ ዲድሮ መልእክት ላከ፤ የሚደበቅበት ስፍራ ቢታጣም «ወደ እኔ ላካቸው፤ በእኔ ቤት ማንም አይፈልጋቸውም» እንዳለው የዲድሮ ልጅ ስለ አባቷ በጻፈችው ውስጥ ተርካለች። መጽሐፉ በ1772 ሲፈጸም 17 የጽሑፍና 11 የሥዕል ጥራዝ ሆነ። ይኸው ማልዜርብ በ1775 የግብር ጉዳይ የሚታይበት የበላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሳለ፣ ግብር እንዴት በስውር እንደሚመደብ፣ ድኻውም አቤት የሚልበት እንዳጣ ለንጉሡ በግልጽ ጻፈ። ከቲዩርጎ ጋራ በመንግሥት ገባ፤ ቲዩርጎ በወደቀበት ወር እርሱም ለቀቀ።

በዲሴምበር 1788 የንጉሡ ታናሽ ወንድም ቆንት ዳርትዋ ከሌሎች መሳፍንት ጋራ ሆኖ፣ ሦስተኛው ክፍል የሁለቱን ክፍሎች መብት መንካቱን እንዲተው የሚጠይቅ ጽሑፍ ለንጉሡ አቅርቦ ነበር። ባስቲል በወደቀ በሦስት ቀን ውስጥ አገሩንና ወንድሙን ጥሎ በሌሊት ወጣ። በዲሴምበር 1792 ሉዊ 16ኛ ለፍርድ ሲቀርብ ጠበቃ ለመሆን የሚደፍር ሰው ጥቂት ነበር። ማልዜርብ በ71 ዓመቱ ለጉባኤው ፕሬዚዳንት ጻፈ፤ ሰው ሁሉ በሚመኘው ጊዜ ሁለት ጊዜ የንጉሡ አማካሪ ለመሆን ተጠርቻለሁና፣ ሰው ሁሉ በሚፈራው ጊዜ ይህንኑ አገልግሎት እሰጠዋለሁ የሚል ሐሳብ ነበረው። ለንጉሡ ተሟገተ፤ ፍርዱን ለንጉሡ የነገረውም እያለቀሰ ነበር። በኤፕሪል 22 ቀን 1794 ከሴት ልጁ፣ ከልጅ ልጁና ከባሏ ጋራ በጊዮቲን ተገደለ።